ከክፍት ንድፍ ተነስቶ ተካታች ኮምፒውተር ቦርድ መንደፍ

ከክፍት ንድፍ ተነስቶ ተካታች ኮምፒውተር ቦርድ መንደፍ ማለት፣ የሰርኪዩት ንድፉ፣ የቦርዱ የመዳብ ሥዕልና የዕቃ ዝርዝሩ ለሕዝብ የተለቀቀ ኮምፒውተርን መነሻ አድርጎ ለአንድ የተወሰነ ሥራ የሚስማማ አዲስ ቦርድ ማዘጋጀት ነው። ተካታች ኮምፒውተር የሚባለው በሌላ መሣሪያ ውስጥ ተካቶ የዚያን መሣሪያ ሥራ ብቻ የሚያከናውን ኮምፒውተር ነው። በሕክምና መሣሪያዎች፣ በፋብሪካ መቆጣጠሪያዎች፣ በሮቦቶችና በአየር ሁኔታ መመዝገቢያ ጣቢያዎች ውስጥ ይገኛል።

በዚህ ዘዴ ነዳፊው ፕሮሰሰርን፣ ሚሞሪንና የኃይል አቅርቦትን የማገናኘቱን ከባድ ሥራ ከባዶ አይጀምርም፤ ቀድሞ የተሠራና የተፈተነ ንድፍ ይወርሳል። ይሁን እንጂ መውረስ ብቻውን የሚሠራ ቦርድ አያስገኝም። በቦርዱ ላይ ያሉ ክፍሎች በመጀመሪያ እይታ በማይታዩ መንገዶች የተያያዙ ስለሆኑ፣ የማያስፈልግ የመሰለ አንድ ክፍል ሲወጣ ሌላው ሊቆም ይችላል። ስለዚህ የሥራው ዋና ጥያቄ ከተወረሰው ንድፍ የትኛው ሊለወጥ ይችላል፣ የትኛውስ ሳይነካ መቅረት አለበት የሚለው ነው። ከዚህ በታች ጉዳዩ በሰፊው በሚታወቀው በቢግልቦን ብላክ ቦርድ ምሳሌነት ተብራርቷል።

ክፍት ሃርድዌር

ክፍት ሃርድዌር ማንም ሰው ንድፉን ሊያጠናው፣ ሊለውጠው፣ ሊያመርተውና ሊሸጠው የሚችል ዕቃ ነው። የዚህ አሠራር የጋራ መግለጫ የመጀመሪያ እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አንድ ንድፍ ለነዳፊ ጠቃሚ የሚሆነው አራት ነገሮች አብረው ሲለቀቁ ነው፦

- ስኬማቲክ፣ ማለትም የትኛው ፒን ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ የሚያሳየው የሰርኪዩት ንድፍ፤
- ዕቃዎቹና የመዳብ መስመሮቹ በቦርዱ ላይ የሰፈሩበት ሥዕል፣ ሊለወጥ በሚችል የፋይል ዓይነት፤
- የእያንዳንዱ ዕቃ መለያ ቁጥር ያለበት የዕቃ ዝርዝር፤
- ቦርዱን የሚያስነሳው ሶፍትዌር ምንጭ ኮድ።

ሁሉም የታወቁ ቦርዶች እነዚህን አያሟሉም። ለምሳሌ ለራስቤሪ ፓይ ሞዴሎች በአብዛኛው የሚወጣው ያጠረ ስኬማቲክ ብቻ ሲሆን የመዳብ ሥዕሉ አይለቀቅም። በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ላይ ያለውን የብሮድኮም ፕሮሰሰርም በትንሽ ቁጥር ለሚፈልግ ሰው ከሻጭ ማግኘት አይቻልም ነበር። ንድፉ ቢገኝ እንኳ ዋናው ቺፕ ካልተገኘ ቦርዱን ማምረት ስለማይቻል፣ መነሻ ንድፍ ሲመረጥ የቺፑ መገኘት ከፋይሎቹ መከፈት እኩል ይመዘናል።

በክፍት ቦርድ ላይም ቢሆን ቺፑ ራሱ ብዙ ጊዜ ክፍት አይደለም። ክፍት የሚሆነው በቺፖቹ መካከል ያለው ግንኙነት ነው።

መነሻ ንድፍ፦ ቢግልቦን ብላክ

ቢግልቦን ብላክ በቢግልቦርድ ፕሮጀክት ሥር እ.ኤ.አ. በ2013 በ45 የአሜሪካ ዶላር ለገበያ የቀረበ አነስተኛ ኮምፒውተር ነው። የሃርድዌሩ ነዳፊ ጀራልድ ኮሊ ነው። ዋና ዋና ክፍሎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

- ፕሮሰሰር፦ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኤኤም335ኤክስ፣ በአርም ኮርቴክስ ኤ8 ላይ የተመሠረተ፣ 1 ጊጋኸርትዝ
- ሚሞሪ፦ 512 ሜጋባይት ዲዲአር3
- ማከማቻ፦ ቦርዱ ላይ የተበየደ ኢኤምኤምሲ፣ በመጀመሪያ 2 ጊጋባይት፣ ከ2014ቱ ሲ እትም ጀምሮ 4 ጊጋባይት፤ በተጨማሪም የማይክሮ ኤስዲ ካርድ ማስገቢያ
- የኃይል አስተዳዳሪ ቺፕ፦ ቲፒኤስ65217ሲ
- ግንኙነት፦ 10/100 ሜጋቢት ኤተርኔት፣ ዩኤስቢ፣ ኤችዲኤምአይ
- ማስፋፊያ፦ ፒ8 እና ፒ9 የሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው 46 ፒን ያላቸው ሁለት ማገናኛዎች
- ቦርዱ፦ 86.4 በ53.3 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 6 የመዳብ ንብርብር

ፕሮሰሰሩ በሻጮች በኩል በትንሽ ቁጥር ይሸጣል። ከ4,000 ገጽ በላይ ያለው የቴክኒክ መመሪያውም ለማንም ክፍት ነው። በቺፑ ውስጥ ከዋናው ፕሮሰሰር ሌላ በ200 ሜጋኸርትዝ የሚሠሩ ሁለት ትንንሽ ፕሮሰሰሮች አሉ። እነዚህ ጊዜው በትክክል መጠበቅ ያለበትን ሥራ፣ ለምሳሌ የሞተር ምልክት መላክን፣ ሊኑክስ ሳይገባበት ስለሚያከናውኑ ቺፑ ለመቆጣጠሪያ መሣሪያዎች ተመራጭ ሆኗል።

ከአንድ ንድፍ ብዙ እትሞች ሲኖሩ ሥራው ከመጨረሻው እትም መጀመር አለበት። በእትሞች መካከል ያሉ ለውጦች ብዙዎቹ በሥራ ላይ የታዩ ጉድለቶችን ለማረም የተደረጉ ናቸው። አሮጌ ፋይል የወሰደ ሰው የታረመውን ጉድለት መልሶ ያመርታል።

ፈቃድና የንግድ ምልክት

የቢግልቦን ብላክ የንድፍ ፋይሎች የተለቀቁት በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ሁለት ግዴታዎች አሉት። የመጀመሪያው የዋናውን ሠሪ ስም መጥቀስ ሲሆን፣ ሁለተኛው የተለወጠውን ንድፍ የሚያሰራጭ ሰው በዚያው ፈቃድ እንዲያሰራጨው የሚያዝዝ ነው። ለሃርድዌር ተብለው የተጻፉ ፈቃዶችም አሉ። ከነዚህ አንዱ የአውሮፓው የኒውክሌር ምርምር ድርጅት ሰርን እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ነው። በ2020 የወጣው ሁለተኛው እትም ሦስት ዓይነት አለው፤ አንዱ ለውጦች ሁሉ እንዲከፈቱ ያዝዛል፣ ሌላው በከፊል ያዝዛል፣ ሦስተኛው ምንም አያስገድድም።

ፋይሎቹን የመጠቀም መብት የንግድ ምልክቱን አይጨምርም። ተወላጅ ቦርድ የሚሠራ ሰው የዋናውን ስምና አርማ ያለ ፈቃድ በቦርዱ ላይ ማተም አይችልም። ከዚህም ሌላ ዋናው ቦርድ ያለፈበት የኤሌክትሮማግኔት ረብሻ ምርመራ ለተወላጁ አይተላለፍም፤ አዲሱ ቦርድ በሚሸጥበት አገር ሕግ መሠረት ራሱን ችሎ መመርመር አለበት።

ሶፍትዌሩ ደግሞ የራሱ ፈቃድ አለው። አስነሺው ፕሮግራም ዩቡትና የሊኑክስ ከርነል በጂፒኤል 2ኛ እትም የተለቀቁ ስለሆኑ፣ እነሱን በመሣሪያ ውስጥ አድርጎ የሚሸጥ ሰው ምንጭ ኮዱን ለገዢው የማቅረብ ግዴታ አለበት።

ሳይነካ የሚቀር እምብርት

በአብዛኛው ተወላጅ ቦርድ ላይ አራት ክፍሎች እንዳሉ ይገለበጣሉ፤ ኃይል፣ ሚሞሪ፣ ሰዓትና የመነሻ ምርጫ። እነዚህን የሚለውጥ ሰው የንድፉን የተፈተነ ባሕርይ ያጣል።

ኃይል። ኤኤም335ኤክስ በአንድ ቮልቴጅ ብቻ አይሠራም። ለውስጡ 1.1 ቮልት፣ ለሚሞሪው 1.5 ቮልት፣ ለሌሎች ክፍሎች 1.8 እና 3.3 ቮልት ያስፈልገዋል። እነዚህም በተወሰነ ቅደም ተከተል መምጣት አለባቸው። ተራውን የሚጠብቀው የኃይል አስተዳዳሪው ቺፕ ነው። የቺፑ ስም የመጨረሻ ፊደል ትርጉም አለው፤ የ«ሲ» ዓይነት ለሚሞሪው 1.5 ቮልት ሲሰጥ፣ የ«ቢ» ዓይነት ግን ለአሮጌው ዲዲአር2 የሚሆን 1.8 ቮልት ይሰጣል። ገበያ ላይ «ሲ» ጠፍቶ በ«ቢ» የተተካ ቦርድ ሲታይ ምንም ልዩነት የለውም፤ ሚሞሪው ግን ከተነደፈለት በላይ ቮልቴጅ ይደርሰዋል።

ሚሞሪ። የዲዲአር3 ሰዓት በ400 ሜጋኸርትዝ ሲሠራ በእያንዳንዱ የመረጃ መስመር ላይ በሰከንድ 800 ሚሊዮን ቢት ያልፋል። ለአንድ ቢት የሚደርሰው ጊዜ 1,250 ፒኮ ሰከንድ ብቻ ነው። ምልክት በተለመደው የቦርድ ቁስ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ለመሄድ ከ6 እስከ 7 ፒኮ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ አብረው መድረስ ያለባቸው መስመሮች ርዝመት የተመጣጠነ እንዲሆን አንዳንዶቹ ሆን ተብሎ ጠመዝማዛ ተደርገው ይሳላሉ። ጠመዝማዛውን ቦታ ፈጀ ብሎ ማቅናት የሚሞሪውን ሥራ ያበላሻል። በፕሮሰሰሩና በሚሞሪው መካከል ያለው መዳብ ከነቀዳዳዎቹና በዙሪያው ካሉት ካፓሲተሮች ጋር እንዳለ መገልበጥ ይኖርበታል።

መገልበጥም ቢሆን ሙሉ የሚሆነው የንብርብሮቹ ውፍረት ሲመሳሰል ነው። የአንድ መስመር ኢምፒዳንስ በስፋቱ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ካለው የመሬት ንብርብር ባለው ርቀትም ይወሰናል። አምራቹ የሚጠቀምበት የንብርብር ውፍረት ከዋናው ቦርድ የተለየ ከሆነ የመስመሮቹ ስፋት እንደገና ይሰላል። ለነጠላ መስመር የተለመደው ግብ 50 ኦም፣ ለዩኤስቢ ጥንድ 90 ኦም፣ ለኤተርኔት ጥንድ 100 ኦም ነው።

ሰዓትና የመነሻ ምርጫ። ፕሮሰሰሩ ኃይል አግኝቶ ዳግም ማስጀመሪያው ሲለቀቅ፣ 16 ፒኖች ላይ ያለውን ቮልቴጅ አንብቦ ይመዘግባል። ከየትኛው ማከማቻ እንደሚነሳና የዋናው ክሪስታል ፍጥነት ስንት እንደሆነ የሚያውቀው ከዚህ ንባብ ነው። በቢግልቦን ብላክ ላይ ክሪስታሉ 24 ሜጋኸርትዝ ነው። እነዚህ 16 ፒኖች ከመነሻው በኋላ ሌላ ሥራ አላቸው፤ የስክሪን መረጃ ወደ ኤችዲኤምአይ ቺፕ ያስተላልፋሉ።

ብዙ ጊዜ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ስክሪን የማያስፈልገው መሣሪያ የሚሠራ ነዳፊ የኤችዲኤምአይ ቺፑን ያወጣል፤ ይህም ትክክል ነው። ነገር ግን በነዚያው መስመሮች ላይ ያሉትን ሬዚስተሮች የስክሪኑ አካል መስለውት አብሮ ካጠፋቸው ፒኖቹ ላይ የተወሰነ ቮልቴጅ አይኖርም። ፕሮሰሰሩም በአጋጣሚ ያገኘውን ያነባል፤ አንድ ቀን ይነሳል፣ ሌላ ቀን ዝም ይላል። በተመሳሳይ መንገድ ነጻ በወጡት ፒኖች ላይ የተገናኘ ውጫዊ መሣሪያ በመነሻው ቅጽበት ቮልቴጅ ከሰጠ የመነሻ ምርጫውን ይለውጠዋል።

የሚለወጡ ክፍሎች

ከእምብርቱ ውጭ ያለው በአብዛኛው እንደ ፍላጎት ይለወጣል። ኤችዲኤምአይ ሲወጣ በፒ8 ላይ 20 ፒኖች ለሌላ ሥራ ነጻ ይሆናሉ። ኢኤምኤምሲው ወጥቶ በማይክሮ ኤስዲ ካርድ ብቻ ሲሠራ ደግሞ 10 ፒኖች ይለቀቃሉ። ማገናኛዎችን በመሣሪያው ሳጥን ልክ ማዛወር፣ የባትሪ መሙያ፣ የሞተር መንጃ ወይም የሴንሰር ማገናኛ መጨመርም የተለመደ ነው።

በሚጨመሩ ክፍሎች ላይ ሦስት ገደቦች ይጠበቃሉ። የፕሮሰሰሩ ዲጂታል ፒኖች የሚችሉት 3.3 ቮልት ነው፤ 5 ቮልት የሚሰጥ ሴንሰር በቀጥታ ከተገናኘ ቺፑን ያበላሻል። የአናሎግ መግቢያዎቹ ደግሞ ከ1.8 ቮልት አያልፉም። ሦስተኛው ገደብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፦ ፕሮሰሰሩ ኃይል ሳያገኝ በማንኛውም ፒን ላይ ቮልቴጅ መኖር የለበትም። የራሱ የኃይል ምንጭ ያለው ሴንሰር ቦርዱ ጠፍቶ እያለ ምልክት ከላከ፣ ኮረንት በፒኑ በኩል ወደ ቺፑ ውስጥ ይገባል።

ሌላው የተደበቀ ጥገኝነት የቦርዱ መታወቂያ ነው። ቢግልቦን ብላክ የቦርዱ ስምና እትም የተጻፈበት ትንሽ የኢኢፕሮም ቺፕ አለው። አስነሺው ፕሮግራም ይህን አንብቦ የትኛው ቦርድ ላይ እንዳለ ይለያል፤ የሚሞሪውንም የጊዜ ልክ የሚመርጠው በዚሁ ነው። ነዳፊው ቺፑን ትርፍ ነው ብሎ ካወጣው፣ ወይም ባዶውን ከተወው፣ ዕቃው ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ ለዋናው ቦርድ የተዘጋጀው ሶፍትዌር ሥራውን ሳይቀጥል ሊቆም ይችላል። መፍትሔው ኢኢፕሮሙን አቆይቶ መታወቂያ መጻፍ፣ ወይም አስነሺው መታወቂያ ሳይጠይቅ በአንድ ልክ እንዲሠራ ኮዱን ማረም ነው። ኢኢፕሮሙ ያለበት መስመር የኃይል አስተዳዳሪውም የሚጠቀምበት ስለሆነ፣ ቺፑ ቢወጣም የመስመሩ ሬዚስተሮች መቅረት አለባቸው።

የታወቁ ተወላጅ ቦርዶች

- ቢግልቦን ግሪን (2015)፦ በቻይናው ሲድ ስቱዲዮ የተሠራ። ኤችዲኤምአይና ክቡ የኃይል መሰኪያ ወጥተው የሴንሰር ማገናኛዎች ተጨምረውበታል።
- ቢግልቦን ብላክ ዋየርለስ (2016)፦ ኤተርኔቱ በዋይፋይና በብሉቱዝ የተተካበት።
- ቢግልቦን ብሉ (2017)፦ ለሮቦት የተዘጋጀ፤ የሞተር መንጃ፣ የእንቅስቃሴ ሴንሰሮችና የባትሪ መሙያ አለው።
- ፖኬትቢግል (2017)፦ 55 በ35 ሚሊ ሜትር የሆነ ትንሽ ቦርድ።

በአራቱም ላይ የፕሮሰሰሩ ቤተሰብ አንድ ነው፤ የተለወጠው በዋናነት በዙሪያው ያለው ነው።

እምብርቱን በአንድ ጥቅል መግዛት

የቦርድ ንድፍን የሚያከብዱት ክፍሎች በአንድ ጥቅል ተዘጋጅተውም ይገኛሉ። የአሜሪካው ኦክታቮ ሲስተምስ የሚሠራው ኦኤስዲ335ኤክስ ፕሮሰሰሩን፣ የዲዲአር3 ሚሞሪውን፣ የኃይል አስተዳዳሪውንና አብዛኞቹን ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች በአንድ ጥቅል ይዟል። ቢግልቦን ብላክ ዋየርለስና ፖኬትቢግል የተሠሩት በዚህ ነው። የሚሞሪው መስመሮች በጥቅሉ ውስጥ ስለሚቀሩ ነዳፊው እነሱን መሳል አያስፈልገውም።

ጥቅሙ በማምረቻም ይታያል። የኤኤም335ኤክስ ቺፕ በሥሩ በ0.8 ሚሊ ሜትር ርቀት የተደረደሩ 324 የብየዳ ኳሶች አሉት። በኦኤስዲ335ኤክስ ላይ ግን በኳሶቹ መካከል ያለው ርቀት 1.27 ሚሊ ሜትር ስለሆነ መስመሮቹ በቀላሉ ይወጣሉ። ፖኬትቢግል በ6 ፈንታ በ4 ንብርብር ሊሠራ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ ጥቅሉ ከተናጠል ዕቃዎቹ የበለጠ ዋጋ አለው፤ ነዳፊውንም በአንድ አቅራቢ ላይ ጥገኛ ያደርገዋል። ለጥቂት ቦርዶች ጥቅሉ፣ በብዙ ሺህ ለሚመረት ዕቃ ደግሞ የተናጠል ዕቃዎች ያዋጣሉ።

የንድፍ መሣሪያዎችና ማምረት

ፋይሎች መከፈታቸው በነጻ ሊከፈቱ ይችላሉ ማለት አይደለም። ቢግልቦን ብላክ የተነደፈው ኦርካድና አሌግሮ በሚባሉ ውድ የንግድ ሶፍትዌሮች ነው። ገንዘቡ የሌለው ተማሪ ሁለት አማራጭ አለው፤ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ሶፍትዌር ለውጦ እያንዳንዱን ግንኙነት ከዋናው ጋር ማመሳከር፣ ወይም ከመጀመሪያው በነጻ ሶፍትዌር የተነደፈ መነሻ መምረጥ ነው። ለምሳሌ የቡልጋሪያው ኦሊሜክስ ኤ64 ኦሊኑክሲኖ የተባለውን ቦርድ ኪካድ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር ነድፎ ፋይሎቹን ለቋል። ኪካድ እ.ኤ.አ. በ1992 በዣን ፒየር ሻራስ የተጀመረ ሲሆን፣ በኋላ ሰርን ለእድገቱ ብዙ አስተዋጽኦ አድርጓል።

ንድፉ ሲያልቅ የእያንዳንዱ ንብርብር ሥዕል በገርበር ፋይል ወደ ቦርድ አምራች ይላካል። የብየዳ ኳሶቹ በቺፑ ሥር ተደብቀው ስለሚቀሩ በእጅ ብየዳ መሥራት አስቸጋሪ ነው፤ በምድጃ ይበየዳሉ፣ ትክክለኛነታቸውም በኤክስሬይ ይታያል። ለሙከራ መጀመሪያ ጥቂት ቦርዶችን ብቻ ማሠራት የተለመደ ነው።

የመጀመሪያ ማብራት

አዲስ ቦርድ ሲደርስ በቀጥታ ኃይል አይሰጠውም። ፍተሻው ከቀላሉ ወደ ከባዱ በሚከተለው ቅደም ተከተል ይካሄዳል፦

1. ኃይል ሳይገናኝ በእያንዳንዱ የቮልቴጅ መስመርና በመሬት መካከል ያለውን ሬዚስታንስ በመለካት ሾርት መኖሩን ማረጋገጥ።
2. የኮረንት ገደብ ባለው የኃይል ምንጭ 5 ቮልት መስጠትና ኮረንቱን መከታተል።
3. የ1.1፣ የ1.5፣ የ1.8 እና የ3.3 ቮልት መስመሮችን መለካት፤ በኦሲሎስኮፕ ቅደም ተከተላቸውን ማየት።
4. የ24 ሜጋኸርትዝ ሰዓቱ መምታቱንና የዳግም ማስጀመሪያው መስመር መለቀቁን ማረጋገጥ።
5. የተከታታይ መረጃ ማገናኛውን ከኮምፒውተር ጋር አያይዞ ማዳመጥ።

አምስተኛው ደረጃ ብዙ ይናገራል። በዋናው ንድፍ የመነሻ ምርጫ መሠረት ፕሮሰሰሩ የሚነሳበት ፕሮግራም በማከማቻዎቹ ላይ ካጣ፣ በተከታታይ መስመሩ ላይ «ሲ» የተባለችውን የላቲን ፊደል ደጋግሞ ይልካል። ፊደሏ ከታየች ኃይሉ፣ ሰዓቱና የመነሻ ምርጫው ይሠራሉ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የውጭው ሚሞሪ ገና ሥራ አልጀመረም። ከዚያ ፕሮሰሰሩ የመጀመሪያውን አስነሺ ከካርድ ሲያገኝ በራሱ ውስጥ ባለው ትንሽ ሚሞሪ ላይ ያስቀምጠዋል፤ መጠኑም ከ109 ኪሎባይት መብለጥ የለበትም። ዲዲአር3ን የሚያስጀምረው ይህ ፕሮግራም ነው። ፊደሏ ታይታ ቀጣዩ አስነሺ ካልመጣ ጥርጣሬው ወደ ካርዱ፣ ወደ ሚሞሪውና ወደ ቦርዱ መታወቂያ ይጠባል።

ሶፍትዌሩን ማስማማት

ሊኑክስ በቦርዱ ላይ ምን እንዳለ የሚያውቀው ዲቫይስ ትሪ ከሚባል የመግለጫ ፋይል ነው። ተወላጅ ቦርድ የራሱ ዲቫይስ ትሪ ሊኖረው ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ የዋናው ፋይል ይገለበጥና የወጡት ክፍሎች ይሰረዛሉ፣ የተጨመሩት ይጻፋሉ፣ የእያንዳንዱ ፒን ሥራ ይወሰናል። የሌለ ክፍል በፋይሉ ላይ ከቀረ ከርነሉ ይፈልገዋል፤ ያለ ክፍል ካልተጻፈ ደግሞ በትክክል ቢበየድም ለሶፍትዌሩ የለም። ስለዚህ ስኬማቲኩና ዲቫይስ ትሪው እኩል መለወጥ አለባቸው።

ጥቅምና ገደብ

የራስን ቦርድ መንደፍ ሁልጊዜ አዋጭ አይደለም። የሚፈለገው ተጨማሪ ሴንሰር ወይም ማገናኛ ብቻ ከሆነ፣ በቢግልቦን ፒኖች ላይ የሚሰካ ተጨማሪ ቦርድ መሥራት ርካሽና ፈጣን ነው፤ ይህም በ2 ንብርብር ሊሠራ ይችላል። አዲስ ቦርድ የሚያዋጣው መሣሪያው በብዛት ሲመረት፣ ሳጥኑ ጠባብ ሲሆን፣ ንዝረት የሚያላቅቃቸው መሰኪያዎች መቀነስ ሲኖርባቸው፣ ወይም ዕቃው ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ መመረት ሲኖርበት ነው።

በዚህ የመጨረሻው ሁኔታ የክፍት ንድፍ ጥቅም ጎልቶ ይታያል። የዝግ ቦርድ አምራች ምርቱን ሲያቆም በቦርዱ ላይ የተመሠረተው መሣሪያም ያበቃለታል። ንድፉ ክፍት ሲሆን ግን ቺፖቹ እስከተገኙ ድረስ የመሣሪያው ባለቤት ቦርዱን ራሱ ማሠራት፣ የጠፋ ዕቃ በሌላ መተካትና የተበላሸውን መጠገን ይችላል። ለዚህም ፋይሎቹን ከመያዝ በተጨማሪ እያንዳንዱ ክፍል ለምን እንደተቀመጠ ማወቅ ያስፈልጋል።